ዲስትሪቢዩተሩን ከማዞራችን በፊት፦ ሞተር ተቀይሮ ካምሻፍት ሲሻሻል ታይሚንግ የሚመረመርበት መንገድ

(ገላን ላይ ለጋራዥ ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አንድ መኪና ሞተሩ ተቀይሮለት፣ በዚያ ላይ ካምሻፍቱ (ቫልቮላዎቹን፣ ማለትም የሞተሩን የአየርና የጭስ በሮች፣ እየገፋ የሚከፍተው ዘንግ) ከፋብሪካው በሚበልጥ ተተክቶ ይመጣል። ይነሳል። ግን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ያመነታል፤ አልፎ አልፎ በአየር መሳቢያው በኩል ይተኩሳል፤ ዳገት ላይ ከወጣው አሮጌ ሞተር ያነሰ ይጎትታል። በዚህ ጊዜ የብዙዎቻችን እጅ የሚሄደው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ፣ እሳቱን ለየካንዴላው ወደሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ነው። ቡሎኑን ላላ፣ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ፣ ድምፁ ሲያምር ጥብቅ። ባለቤቱ ደስ ብሎት ይወጣል። ከዚያ ወይ ነዳጁ አልበቃ ይለዋል፣ ወይ ሞተሩ ያንኳኳበታል፣ ወይ በገመድ ተጎትቶ ይመለሳል።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል። ሞተር መቀየር ደግሞ ዋናው የማቆያ መንገድ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ በግምት መሥራት የለብንም። ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ ነው እጃችን ላይ የሚያስቀምጠው።

እዚህ የተሰበሰብነው ሁላችን «ታይሚንግ» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንጠቀምበታለን፤ ግን አንድ ነገር አይደለም፣ ሦስት ነው። አንደኛው ቫልቮላዎቹ ፒስተኑ የት ሲደርስ ይከፈታሉ፣ የት ሲደርስ ይዘጋሉ የሚለው ነው፤ ይህ የካምሻፍቱ ታይሚንግ ነው። ሁለተኛው ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ኮምፒዩተሩ በሴንሰሮቹ በኩል ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) የት ነው ያለው ብሎ የሚያምነው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚቆሙት በአንደኛው ላይ ነው። ካምሻፍቱ ከቦታው ወጥቶ ሳለ እሳቱን ብታስተካክሉ ምልክቱን ደበቃችሁት እንጂ በሽታውን አልነካችሁትም።

ይህን በዓይን የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። በብዙ የቆዩ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ዲስትሪቢዩተሩ የሚዞረው በካምሻፍቱ ነው። የሚታሰርበት ቀዳዳ ረዘም ያለ ነው፤ ለማስተካከያ ተብሎ የተተወ ቦታ ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ እሳቱ በትክክል ሲስተካከል ቡሎኑ በዚያ ቀዳዳ መሃል አካባቢ ይቆማል። ቡሎኑ ከቀዳዳው ጫፍ ጋር ተጣብቆ «ትንሽ ቦታ በጨመረልኝ» የምትሉበት መኪና ሲገጥማችሁ እዚያው አቁሙ። ዲስትሪቢዩተሩ እየነገራችሁ ያለው ብዙ ጊዜ ካምሻፍቱ አንድ ጥርስ ስቷል ብሎ ነው። ቀዳዳውን በሞረድ ማስረዘም አይገባም። ይህ በየቦታው ሲደረግ ይታያል፤ ሲደረግ ማየት ደግሞ ያሳዝናል።

አንድ ጥርስ ስንት ነው? ስሌቱ ቀላል ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ሁለት ዙር 720 ዲግሪ ነው። 720ን ለካምሻፍቱ ፑሌጃ (ቺንጊያው ለሚያዞረው ባለ ጥርስ መዘውር) ጥርስ ቁጥር አካፍሉ። ፑሌጃው 48 ጥርስ ካለው አንድ ጥርስ በክራንክሻፍት ሲለካ 15 ዲግሪ ነው፤ 40 ጥርስ ካለው 18 ዲግሪ። ከፋብሪካው ካም ትንሽ ከፍ ባለ ካም ላይ 2 ዲግሪ ልዩነት በመንዳት ይታወቃል፤ 15 ዲግሪ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

እንግዲህ ከመሠረቱ እንጀምር። መሠረቱ ቲዲሲ ነው፤ አንደኛው ፒስተን የመጨረሻው የላይ ጫፍ የሚደርስበት ነጥብ። «ፑሌጃው ላይ ምልክት አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለ። ግን ምልክቱ እውነተኛ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ተገዝቶ የመጣ ያገለገለ ሞተር የፊት ፑሌጃ ብዙ ጊዜ ከሁለት ብረት የተሠራ ነው፤ በውስጠኛውና በውጪኛው ቀለበት መካከል ጎማ አለ። ጎማው በዕድሜና በዘይት ሲደክም ውጪኛው ቀለበት ይንሸራተታል። ምልክቱ ያለው ደግሞ በውጪኛው ላይ ነው። ሌላም አለ፤ ሞተሩን ለመግጠም የፊት ሽፋኑ ከሌላ ሞተር ተወስዶ ይሆናል፤ ያኔ ጠቋሚውና ፑሌጃው የአንድ ሞተር አይደሉም።

ስለዚህ ቲዲሲን በፒስተን ማቆሚያ ፈልጉ። መሣሪያው ውድ አይደለም፣ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። አሮጌ ካንዴላ ወስዳችሁ ሸክላውን አውጡ፤ በቀረው ብረት ውስጥ ጫፉ ተሞርዶ የዶለዶመ ቡሎን በበየዳ አስገቡ። ጫፉ ሹል ከሆነ ፒስተኑን ይቧጭራል። የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀሉ፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጡ፣ ፒስተኑን ዝቅ አድርጋችሁ ማቆሚያውን በአንደኛው ሲሊንደር ላይ እሰሩ። ከዚያ የዲግሪ ሳህኑን (ዙሪያው በዲግሪ የተከፋፈለውን ክብ ሳህን) ክራንክሻፍቱ ላይ አስራችሁ፣ ባለው ምልክት ዜሮ አድርጋችሁ፣ በእጅ ብቻ፣ በቁልፍ አዙሩ። በሞተሪኖ (በማስነሻው) ፈጽሞ አይሆንም፤ ፒስተኑን ትበሱታላችሁ።

ወደፊት ስታዞሩ ፒስተኑ ማቆሚያውን ይነካና ይቆማል፤ ሳህኑ ከዜሮ በፊት 32 ዲግሪ አለ እንበል። ወደ ኋላ አዙራችሁ በሌላው በኩል ሲነካ ከዜሮ በኋላ 26 አለ። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ምልክቱ ትክክል ነበር። የሁለቱ ልዩነት 6 ነው፣ ግማሹ 3። እውነተኛው ቲዲሲ ምልክቱ ዜሮ ከማለቱ 3 ዲግሪ ቀድሞ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ታይሚንግ ላይቱ (እሳቱ በተሰጠ ቁጥር ብልጭ እያለ ምልክቱን የሚያሳየው መብራት) 10 ሲላችሁ እውነተኛው 7 ነው። ሰውየው «እንደ መጽሐፉ 10 አደረግሁት፣ ግን ጉልበት የለውም» ሲል ይህ ሊሆን ይችላል። ጠቋሚውን አስተካክሉ ወይም ፑሌጃው ላይ አዲስ ምልክት በነጭ ቀለም አድርጉ፤ የድሮውን አጥፉት፤ ቀጥሎ የሚሠራው ሰው እንዳይሳሳት።

ክራንክሻፍቱ ላይ ፑሌጃውን የምትይዘውን ትንሿን ቁልፍ ብረትም ሳታዩ አትለፉ። የፊት ቡሎኑ ላልቶ የተነዳ ሞተር ያችን ብረት ይበላታል፤ ታይሚንጉ ዛሬ ጥሩ፣ ነገ መጥፎ ይሆናል። በላይቱ ስታዩ ምልክቱ በአንድ ቦታ አልቆም ካለ ከምትጠረጥሯቸው አንዷ እሷ ናት።

አሁን ወደ ካምሻፍቱ። ከካምሻፍቱ ጋር ወረቀት ይመጣል፤ ቫልቮላው ስንት ዲግሪ ክፍት እንደሚቆይ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሚነሳ፣ መሃል መስመሩ (ቫልቮላው እስከ መጨረሻው የሚከፈትበት ነጥብ) የት እንደሆነ፣ የቫልቮላ ክፍተቱ ስንት መሆን እንዳለበት ይላል። ያለ ወረቀት የሚሸጥ ካም ባትገዙ ይሻላል፤ ቢያንስ ደንበኛው ሳይለካ እንደማይገጠም ይወቅ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ «272 ዲግሪ» የሚለው ቁጥር የተለካው ቫልቮላው ገና ሲነቃነቅ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው አምራች ደግሞ 1 ሚሊሜትር ወይም 1.27 ሚሊሜትር ከተነሳ በኋላ ይለካል። ሁለት ካም ስታወዳድሩ በአንድ ዓይነት መለኪያ ይሁን፤ ያለዚያ ትንሹ ትልቅ ይመስላችኋል።

የቫልቮላውን ክፍተት መጀመሪያ በወረቀቱ ቁጥር አስተካክሉ። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቮላው ቀድሞ ይከፈታል፣ ዘግይቶ ይዘጋል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ሳይስተካከል የተለካ ታይሚንግ ሐሰተኛ ነው። የድሮውን ካም የክፍተት ቁጥር ለአዲሱ አትጠቀሙ።

ከዚያ ዲያል ጌጁን (በመርፌ የሚያሳየውን ስስ መለኪያ) በአንደኛው ሲሊንደር የመሳቢያ ቫልቮላ ታፔት (ካሙ በሚገፋው ክፍል) ላይ አቁሙ። መርፌው ቫልቮላው በሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከተጋደመ ቁጥሩ ይዋሻል። ቫልቮላው የመጨረሻ ከፍታው ላይ ሲደርስ ጌጁን ዜሮ አድርጉ። ከፍተኛውን ነጥብ በቀጥታ ለማንበብ አትሞክሩ፤ የካሙ ጉብታ ጫፍ ሰፊ ስለሆነ መርፌው ለብዙ ዲግሪ ዝም ይላል። ይልቅ ከከፍታው በፊት 1.27 ሚሊሜትር ሲቀረው ሳህኑን አንብቡ፤ አልፎ 1.27 ሲወርድም አንብቡ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ከቲዲሲ በኋላ 68፣ ሁለተኛው 152 ቢሆን ድምሩ 220፣ ግማሹ 110 ነው። ወረቀቱ 108 ካለ ካምሻፍቱ በክራንክ ሲለካ 2 ዲግሪ ዘግይቷል። በሚስተካከል ፑሌጃ ላይ የምታስቀድሙት ግን 1 ዲግሪ ነው፤ ካሙ በግማሽ ፍጥነት ነው የሚዞረው። ይህን ግማሽ የሚረሳ ሰው ሲያርም እጥፍ ይስታል።

ስታዞሩ ሁልጊዜ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ። ነጥቡን ካለፋችሁት ትንሽ ወደ ኋላ መልሳችሁ አታንብቡ፤ ቢያንስ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ሂዱና እንደገና ቅረቡት። የቺንጊያው ወይም የሰንሰለቱ ልልነት በአንድ በኩል መሰብሰብ አለበት። ሁለት ካምሻፍት ያለው ሞተር ላይ የማስወጫውም በዚሁ መንገድ ለብቻው ይለካል።

ካምን ማስቀደም ጉልበቱን ወደ ዝቅተኛ ዙር ያመጣዋል፣ ማዘግየት ወደ ላይ ይወስደዋል። እኛ ያለንበትን አገር አስቡ። ከዚህ ወደ መገናኛ መጨናነቅ ውስጥ የሚውል፣ እሑድ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ የሚወጣ መኪና ጉልበት የሚፈልገው ከ1,500 እስከ 4,000 ዙር ነው። ለእንዲህ ያለ መኪና በጣም ረጅም ካም (ቫልቮላውን ረጅም ጊዜ ክፍት የሚያቆይ) መግጠም ደንበኛን መጉዳት ነው። ገንዘቡን ይዞ ቢመጣም እንኳ ቀስ ብላችሁ አስረዱት። 

ካምሻፍቱ ከፋብሪካው በላይ የሚያነሳ ከሆነ ሞተሩ ከመዘጋቱ በፊት የሚለካ ሌላ ነገር አለ፤ በቫልቮላውና በፒስተኑ መካከል ያለው ክፍተት። «ይህ ሞተር ቺንጊያ ቢበጠስም ቫልቮላ አይታጠፍበትም» የሚባለው ለፋብሪካው ካም ነው። ቴስታታው (ቫልቮላዎቹ ያሉበት የሞተሩ የላይ ራስ) ለመስተካከል ከተላጨና ካሙ ከጨመረ ያ ዋስትና ቀረ። የልጆች መጫወቻ ፕላስቲሲን ፒስተኑ ላይ አድርጉ፣ ዘይት ቀቡት፣ ቴስታታውን በአሮጌ ጓርኒሲዮን እሰሩ፣ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩ፣ ፈታችሁ የተጫነውን በምላጭ ቁረጡና ቀጭኑን ቦታ ለኩ። ለመሳቢያው 2 ሚሊሜትር፣ ለማስወጫው 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ማነስ የለበትም፤ ማስወጫው የሚበልጥበት ምክንያት በሙቀት ስለሚረዝም ነው። ስታዞሩ እጃችሁ ላይ ጥንካሬ ከተሰማችሁ አታስገድዱት። የመሳቢያውን ካም ስታስቀድሙ ቫልቮላው ወደ ፒስተኑ እንደሚቀርብም አትርሱ፤ ዛሬ የለካችሁት ክፍተት ነገ ፑሌጃውን ስታስተካክሉ ይለወጣል። የቫልቮላ ሞላውም እንዲሁ፦ ሙሉ በሙሉ ሲጫን ሽቦዎቹ ከመነካካታቸው በፊት ቢያንስ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ይቅር።

ሜካኒካሉ ተረጋገጠ እንበል። ሲነሳ ስለሚገጥመው ነገር ልናገር።

ሞተሩ ጨርሶ አልነሳ ብሎ በመሳቢያው በኩል የሚተኩስ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ዲስትሪቢዩተሩ በ180 ዲግሪ ተገልብጦ መግባቱን ነው። የፑሌጃው ምልክት በአንድ የሥራ ዑደት ሁለት ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል፤ አንዱ ሲጨመቅ፣ ሌላው ጭሱ ሲወጣ። የአንደኛውን ካንዴላ አውጥታችሁ ቀዳዳውን በጣት ወይም በተጠቀለለ ወረቀት ዝጉና በእጅ አዙሩ፤ አየሩ ሲገፋችሁ የመጨመቂያው ዙር እሱ ነው። የካንዴላ ገመዶቹንም በሞተሩ ቅደም ተከተል ተከተሉ፤ ለብዙዎቹ አራት ሲሊንደር ቶዮታዎች 1-3-4-2 ነው።

የካሙ ጉብታ በጠፍጣፋ ታፔት ላይ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ አዲሱ ካም የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ላይ ነው የሚድነው ወይም የሚሞተው። የመግጠሚያ ቅባቱ ተቀብቶ፣ ዘይት አስቀድሞ ተሞልቶ፣ ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ወደ 2,000–2,500 ዙር ይወጣል፤ ሚኒሞ ላይ አይተውም። ሚኒሞ ላይ ለጉብታው የሚደርሰው ዘይት ትንሽ ነው። ለዚህ ነው እሳቱም ነዳጁም ሳይነሳ በፊት በቅርብ መስተካከል ያለበት፤ ሞተሪኖውን ደጋግሞ እየመቱ ማስነሳት ቅባቱን ከጉብታው ላይ ያጥባል።

እሳቱን ስታስተካክሉ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይሙቅ፤ መብራትና ኤሲ ይጥፋ። ዲስትሪቢዩተር ያላቸው በኮምፒዩተር የሚሠሩ የቶዮታ ሞተሮች ላይ የምርመራ ሶኬቱን ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉ ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ግዴታ ነው። ያ ሽቦ ከሌለ ኮምፒዩተሩ ራሱ እያስቀደመ ስለሆነ ላይቱ ላይ የምታዩት መሠረታዊው ታይሚንግ አይደለም። 4ኤ-ኤፍኢ በሚባለው የቶዮታ ሞተር ላይ ሽቦው ተገናኝቶ የሚፈለገው ከቲዲሲ በፊት 10 ዲግሪ ነው። ሽቦውን ሳያገናኝ 10 ያደረገ ሰው ሞተሩን በጣም አዘግይቶታል፤ የማስወጫ ማኒፎልዱ (የጭስ ቱቦው) ይግላል፣ ጉልበት ይጠፋል።

ረጅም ካም ሚኒሞ ላይ ከፋብሪካው የበለጠ የቀደመ እሳት ይወዳል። ሁለቱም ቫልቮላዎች አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ስለሚረዝም የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ድብልቁ ቀስ ብሎ ይነዳል። ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ብዙ ጊዜ ያረጋጋዋል። ግን የሚኒሞውን ስትጨምሩ ሙሉው አብሮ እንዳይጨምር ተቆጣጠሩ፤ አራት ቫልቮላ ባለው ቴስታታ ላይ በሙሉ ጭነት ከ26 እስከ 32 አካባቢ ይበቃል፣ የቆዩ ሁለት ቫልቮላ ያላቸው ሞተሮች እስከ 36 ይደርሳሉ።

ቪትዝን በመሳሰሉ ዲስትሪቢዩተር በሌላቸው ሞተሮች ላይ የሚዞር ነገር የለም፤ እዚያ የሚናገረው ኮዱ ነው። ፒ0016 ካያችሁ ኮምፒዩተሩ የክራንክሻፍትና የካምሻፍት ሴንሰሮች አልተስማሙም እያለ ነው። ሴንሰር ገዝታችሁ ከመቀየራችሁ በፊት ሰንሰለቱ መርዘሙን ወይም አንድ ጥርስ መሳቱን እዩ። ሌላው ሞተር ቅየራ ላይ የሚመጣ ጣጣ የጥርስ ሳህኑ ነው፦ ብዙዎቹ አዳዲስ ቶዮታዎች ክራንክሻፍት ላይ 36 ቦታ ኖሮት ሁለቱ የተዘለሉበት ሳህን አላቸው፤ የድሮዎቹ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ 24 ጥርስ አላቸው። የአንዱን ኮምፒዩተር ለሌላው ብታገናኙት እሳት ወይ አይሰጥም፣ ወይ ባልሆነ ቦታ ይሰጣል። ሞተር ሲገዛ ኮምፒዩተሩና ሙሉ ሽቦው አብሮ ይገዛ የምንለው ለዚህ ነው። የሞተሩ ማሳ (የነጌቲቭ) ሽቦ ደግሞ በቅየራ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው፤ ወፍራሙ ሽቦ ካልታሰረ የሞተሪኖው ኃይል በቀጫጭኑ የሴንሰር ሽቦዎች መንገድ ይፈልጋል፣ ምልክቱም ይዘበራረቃል።

አሁን ስለ ከፍታችን። ይህ ክፍል በውጭ መጽሐፍ ስንሠራ ሁላችንንም የሚያሳስተን ነው።

አዲስ አበባ በአማካይ 2,350 ሜትር ላይ ናት። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል ሲሆን እዚህ ወደ 76 ነው፤ ሩቡ የለም። ስለዚህ መጽሐፉ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) 190 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚህ ስትለኩት ወደ 143 ይሰጣችኋል። መጽሐፉ ዝቅተኛው 142 ነው ካለ ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ስለሆነ «ሞተሩ አልቋል» ብላችሁ ደንበኛውን ለቀለበት ቅየራ ልትዳርጉት ትችላላችሁ፤ ሞተሩ ግን ደህና ነው። ረጅም ካም ከገባ ደግሞ የመሳቢያ ቫልቮላው ዘግይቶ ስለሚዘጋ ቁጥሩ ከዚያም ይወርዳል። እዚህ አገር ከቁጥሩ መጠን ይልቅ የሲሊንደሮቹን መቀራረብ እመኑ፤ ከ15 ፒኤስአይ በላይ ከተራራቁ ችግር አለ። አራቱም እኩል ሆነው በጣም ዝቅ ካሉ ግን ካምሻፍቱ ዘግይቶ ታስሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል ወደ ዲግሪ ሳህኑ ተመለሱ። ስትለኩ የነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን።

የቫክዩም ጌጁም (ሞተሩ አየር ሲስብ በመሳቢያ ማኒፎልዱ ውስጥ ግፊቱ ስንት እንደሚጎድል የሚለካው) እንዲሁ ነው። መጽሐፍ ሚኒሞ ላይ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይላል። እዚህ ከዚያ ላይ ወደ 7 ተኩል ቀንሱ፤ ፋብሪካው የሠራው ሞተር 11 ወይም 13 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ረጅም ካም ያለው 7 ወይም 8 ላይ መርፌው እየተንቀጠቀጠ ሊቆም ይችላል። እንዴት ትለያላችሁ? ወደ 2,000 ዙር አውጡት። መንቀጥቀጡ የካሙ ጠባይ ከሆነ መርፌው ይረጋል። በየተወሰነ ጊዜ ቱግ ብሎ የሚወርድ ከሆነ አንዱ ቫልቮላ አይዘጋም። ሳይንቀጠቀጥ ዝቅ ብሎ የቀረ ከሆነ ወይ ካሙ ወይ እሳቱ ዘግይቷል፣ ወይ ከማኒፎልድ ጓርኒሲዮን አየር ይገባል። መገጣጠሚያው ላይ ውኃ በትንሹ ስትረጩ ድምፁ ከተለወጠ ቦታውን አገኛችሁት።

ቫክዩም መቀነሱ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛው የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ያላቸው ሞተሮች ላይ ነው። ረጅሙ ካም ቫክዩሙን ሲያሳንሰው ኮምፒዩተሩ «ጭነት መጣ» ብሎ ያስባል፤ ነዳጅ ይጨምራል፣ እሳቱን ያዘገያል። ካንዴላዎቹ ይጠቁራሉ፣ ሚኒሞው ይባስ ይንቀጠቀጣል። የኦክሲጅን ሴንሰሩም ያሳስተዋል፤ ሁለቱ ቫልቮላዎች አብረው ክፍት ሲሆኑ ያልተቃጠለ አየር ወደ ማርሚታ ያልፋልና ሴንሰሩ «ነዳጅ አንሷል» ይላል፣ ኮምፒዩተሩም ይጨምራል። የነዳጅ ሽታ እያለ ሴንሰሩ እጥረት ካሳየ ይህን አስቡ። መድኃኒቱ ለካሙ ተብሎ ፕሮግራሙ እንደገና የተሞላ ኮምፒዩተር ነው፤ ሚኒሞ ላይ ከ13 እስከ 13.8፣ በሙሉ ጭነት ከ12.5 እስከ 13 የአየርና ነዳጅ መጠን ይዛችሁ ጀምሩ። ካርቡራተር ከሆነ በዚህ ከፍታ ድብልቁ ከባሕር ጠለል ይልቅ ወደ 12 በመቶ ይወፍራል፤ ዋናው ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ) 120 ከሆነ 113 አካባቢ መሞከር ተገቢ ነው።

ሁለተኛው የሰው ሕይወት ነው። የፍሬኑ ማገዣ የሚሠራው በዚሁ ቫክዩም ነው። ከፍታው ሰባት ኢንች ወስዶ፣ ካሙ ሌላ አራትና አምስት ከወሰደ ለፍሬኑ የሚቀረው ምንድን ነው? መኪናው ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሬኑን አራት ጊዜ ርገጡ፣ እግራችሁን ጫን አድርጋችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ራሱ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ስትረግጡ ከደነደነ መኪናው አይወጣም። የኤሌክትሪክ ቫክዩም ፖምፓ ይገጠምለት ወይም ካሙ ይቀነስ። በዚህ ላይ ከደንበኛ ጋር መደራደር የለም።

የመንገድ ሙከራው ደግሞ ቁልቁል ይሁን። እዚህ ላይ ሆነን ያስተካከልነው እሳት ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ ሲደርስ ሌላ ሞተር ላይ ነው ያለው፤ አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ወርዳለች፣ አዋሽ ከዚያም በታች ናት፣ አየሩ ይወፍራል፣ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ሱሉልታ ላይ ያላንኳኳ ሞተር ከአዳማ ሲመለስ ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ በሙሉ ነዳጅ ማንኳኳት ይጀምራል። ስለዚህ እዚህ ከተገኘው ምርጥ ነጥብ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ አዘግይታችሁ ስጡት። ያቺን ትንሽ ጉልበት ደንበኛው አያውቃትም፤ የተበሳ ፒስተን ግን ያውቃል። ካርቡራተር ያለውን ደግሞ ጄቱን እዚህ አሳንሳችሁ ቆላ ለሚኖር ሰው አትስጡት፤ እዚያ ነዳጅ አንሶት ይግላል።

የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መስማማት እንዳለበትም ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የግዢ ሰነዱንና ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን) ሳይዝ ሞተሩን አታውርዱለት።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናው ይመለስ። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ የቫልቮላ ክፍተቱ ይለካ፣ የቺንጊያው ውጥረት ይታይ፣ ታይሚንግ ላይቱ እንደገና ይያዝ። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥሮች ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ በሞተር ክፍሉ ክዳን ውስጥ ለጥፉት፦ እውነተኛው ቲዲሲ፣ የካሙ መሃል መስመር፣ መሠረታዊው እሳት፣ ኮምፕሬሽኑ፣ ቫክዩሙ። መኪናው ሲመለስ ከዚያ ጋር ነው የምታወዳድሩት።

ጓሮ ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ሞተር አለ፤ የዲግሪ ሳህኑና ከካንዴላ የተሠራው ማቆሚያም አጠገቡ ናቸው። ፑሌጃው ላይ ያለው ምልክት ትክክል ይሁን አይሁን ገና አልለካነውም። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ኑ፤ አንዱ ያዙር፣ አንዱ ያንብብ።